ቻርጀሩ ዋይፋይ ይይዛል፣ ኦንላይን አገልግሎቱ ግን «ኦፍላይን» ይላል (ጎንደር፣ ማራኪ)

ማራኪ_07

እንደምን ዋላችሁ። ማራኪ የተሰቀለ የኤሌክትሪክ መኪና የቤት ቻርጀር ነው፤ 7 ኪሎዋት፣ ሲንግል ፌዝ፣ ገመዱ ጂቢቲ የሚባለው የቻይና ዓይነት። ኦሲፒፒ 1.6ን (ቻርጀርና ኦንላይን አገልግሎት የሚነጋገሩበትን ቋንቋ) ይደግፋል። ዋይፋይ ይዟል፣ ሞደሙ ላይም ስሙ ይታያል። አገልግሎቱ የሰጠውን አድራሻ፣ መለያና የይለፍ ቃል አስገብቼአለሁ፤ የአገልግሎቱ ገጽ ግን «ኦፍላይን» ከማለት አላለፈም። ሎጉ (የቻርጀሩ መዝገብ) ላይ በየ30 ሰከንዱ 404 ይደጋገማል። ሞደሙ ላይ ፖርት (ከውጭ የሚገባበት በር) መክፈት ያስፈልግ ይሆን?

የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። በግቢው ሁለት አባወራ በአንድ ካርድ ቆጣሪ ይጠቀማል፤ ስለዚህ የመኪናው ፍጆታ ለብቻው ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ምጣድ ሲጣድ ቻርጀሩ ራሱን ይቀንስ። ዋናው ብሬከር 40 አምፒር ነው።

ሽቦና_መረብ

ፖርቱን ተወው፤ ከፍተኸው ከሆነም አሁኑኑ ዝጋው። በኦሲፒፒ ደዋዩ ቻርጀሩ ነው። ከቤት ወደ ውጭ አንድ የዌብሶኬት መስመር ይከፍትና ይዞት ይቆያል። «ጀምር»፣ «አቁም»፣ «ወደ 16 አምፒር ውረድ» የሚለው ትእዛዝ ሁሉ በዚያው መስመር ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ሞደሙ በሲም ካርድ የሚሠራ ቢሆንም፣ የአይፒ አድራሻውም ከብዙ ደንበኛ ጋር የተጋራ ቢሆንም ምንም አይጎድልብህም። ፖርት ብትከፍት ግን የቻርጀሩን የማስተካከያ ገጽ ከውጭ ለሚፈልገው ሁሉ አሳየኸው ማለት ነው፤ የብዙዎቹ የመግቢያ ቃል ደግሞ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው።

አሁን ወደ 404። ይህ ቁጥር መጣ ማለት ኢንተርኔቱ ደህና ነው፣ ሰርቨሩም መልሷል፤ «በዚህ መለያ የማውቀው ቻርጀር የለም» ነው ያለህ። የይለፍ ቃሉ ቢሳሳት 401 ይልህ ነበር። ጭራሽ መልስ ከሌለና ጊዜ አልፎበት ከተቋረጠ ያኔ መረቡን ትጠረጥራለህ።

መለያው በአድራሻው መጨረሻ ላይ ይቀጠላል። አንዳንዱ ቻርጀር ራሱ ይቀጥለዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ አንተ እስከ መጨረሻው እንድትጽፍለት ይጠብቃል። ራሱ ለሚቀጥለው ጨርሰህ ከጻፍክለት መለያው ሁለት ጊዜ ይገባና ሎጉ ላይ «.../0007/0007» የሚል ታያለህ። አድራሻውን በእዝባር ጨርሰኸው ቻርጀሩም የራሱን እዝባር ከጨመረ «.../​/0007» ይሆናል፤ እሱም 404 ነው። ስለዚህ ቅጹ ላይ የጻፍከውን ተወውና ቻርጀሩ የላከውን ሙሉ አድራሻ ከሎጉ ላይ ፊደል በፊደል አንብበው። ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል። ዜሮና የላቲኑ «ኦ» ይምታታሉ። ከስልክ ገልብጠህ ስትለጥፍ መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ አብሮ ይገባል፣ በዓይን አይታይም።

ሌላም ልብ በል፦ ግንኙነቱ ተሳክቶ በዚያው ቅጽበት ከተዘጋ የስሪት አለመግባባት ነው። ቻርጀሩ 1.6 ብሎ ሲጠይቅ አገልግሎቱ 2.0.1 ብቻ ከሆነ የሚያውቀው፣ ሰርቨሩ መስመሩን ተቀብሎ ወዲያው ይዘጋዋል። ሁለቱ ስሪቶች አይግባቡም፤ ቅጹ ላይ ትክክለኛውን ምረጥ።

ማራኪ_07

ልክ ነህ ወንድሜ፣ መለያው ሁለት ጊዜ ገብቶ ነበር። ከአድራሻው ላይ ሳጠፋው 404 ቀረ። አሁን ግን «የሰርተፊኬቱ ጊዜ ገና አልደረሰም» ይላል። ሎጉ ላይ ከመስመሩ ፊት ያለው ቀን 1970-01-01 ነው።

ሽቦና_መረብ

ያ ቀን ችግሩን ነግሮሃል። ቻርጀሩ ባትሪ ያለው የውስጥ ሰዓት የለውም፤ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ከ1970 (በፈረንጅ) ይነሣል። የሰርቨሩ ሰርተፊኬት (የማንነት ማረጋገጫው) ከዚያ ብዙ ዓመት በኋላ የተሰጠ ስለሆነ «ገና አልደረሰም» ይለዋል። ኦሲፒፒ ለቻርጀሩ ትክክለኛውን ሰዓት የሚነግረው በቡት ኖቲፊኬሽን (ቻርጀሩ ሲነሣ በሚልከው የመጀመሪያ መልእክት) መልስ ላይ ነው፤ ያ መልስ የሚመጣው ደግሞ መስመሩ ከተከፈተ በኋላ ነው። ሰዓት ከሌለ መስመር የለም፣ መስመር ከሌለ ሰዓት የለም።

ማስተካከያው ኤንቲፒ ነው፤ ሰዓትን ከመረብ የሚያመጣው መንገድ። በቻርጀሩ የመረብ ገጽ የኤንቲፒ አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ አለ። ሞደምህ የሰዓት አገልግሎት ከሰጠ የሞደሙን አድራሻ አስገባ፤ ካልሰጠ ዓለም የሚጠቀምበትን የፑል ኤንቲፒ አድራሻ። የሚሠራው በዩዲፒ ፖርት 123 ወደ ውጭ ስለሆነ የሞደሙ ፋየርዎል እንዳልዘጋው እይ። ቻርጀሩን አጥፍተህ አብራውና ከቀኑ በፊት ሌላ ምንም አትመልከት።

አንዳንዱ ሰው እዚህ ሲደርስ ይሰለችና አድራሻውን ካልተመሰጠረው ዓይነት ያደርገዋል። ይገናኛል፤ ግን የይለፍ ቃሉ በግልጽ ይጓዛል። ሰርቨሩ እዚያው ቤት ውስጥ ካልሆነ በቀር አታድርገው።

የሰዓት ነገር ከተነሣ አይቀር፦ ኦሲፒፒ ሁሉንም ጊዜ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው የሚይዘው፣ እኛ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን። የአገልግሎቱ ገጽ ደግሞ በፈረንጅ ሰዓት ያሳያል። ሦስት ዓይነት ሰዓት ሲደባለቅ ፕሮግራሙ በማይሆን ጊዜ ይነሣል። ወደ ዩቲሲ የመለወጫው ቀላሉ ስሌት ይኸውና፦ ከጠዋቱ 1 እስከ ቀኑ 12 ሰዓት ላለው በእኛ ሰዓት ላይ 3 ደምር፤ ለማታና ለሌሊት 15 ደምር፣ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ቀንስ። ጠዋት 2 ሰዓት 05:00 ዩቲሲ ነው። ማታ 4 ሰዓት 19:00 ነው። ሌሊት 10 ሰዓት 25 ይመጣል፣ 24 ሲቀነስ 01:00።

ፌዝና_ኑትራል

መረቡ ይቆየንና ስለ ሽቦው እንነጋገር፣ እሱ ነው ቤት የሚያቃጥለው።

መጀመሪያ፦ ዋናው ብሬከር 40 ከሆነ ቻርጀሩን 32 አምፒር ላይ መተው አይሆንም። 32 አምፒር ለመኪና ማለት ለሰዓታት ሳይቋረጥ 32 ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ቢሆን በ220 ቮልት 16 አምፒር ይወስዳል። 32 ሲደመር 16፣ 48። ፍሪጁና መብራቱ ገና አልተቆጠሩም። ብሬከሩ ወዲያው ላይወርድ ይችላል፤ ቀስ ብሎ ይግልና በጋገራው መካከል ይጥልሃል።

ሁለተኛ፦ ጎንደር ከፍታው ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። ብሬከርና ኮንታክተር የሚሠሩባቸው ዓለም አቀፍ ደረጃዎች የመደበኛ አገልግሎት ጣሪያ አድርገው የሚይዙት 2,000 ሜትር ነው፤ የቻርጀርህን መመሪያ ገልጠህ እይ፣ «ከ2,000 ሜትር በታች» የሚል መስመር አታጣም። አየሩ ሲሳሳ ሙቀት የማስወጣትም፣ ብልጭታን የመከላከልም አቅሙ ይቀንሳል። በእኛ ከፍታ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ማንም አይደንግጥ። ነገር ግን በታሸገ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ፣ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ፣ በሙሉ አቅም ሌሊቱን ሙሉ ማሠራት ላይ ሲጨመር ሪሌው (ኤሌክትሪኩን የሚከፍትና የሚዘጋው ማብሪያ) ቶሎ ያረጃል። እኔ ቢሆን ከፍተኛውን 28 አምፒር ላይ እቆልፈዋለሁ። 28 በ220 ሲባዛ 6.2 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ ከ7 ኪሎዋቱ ብዙም አይርቅም። መቆለፊያው በሳጥኑ ውስጥ ያለው ዲፕ ስዊች (ትንንሽ ማብሪያዎች) ወይም የገጣሚው ገጽ ነው። በኦንላይን የሚታዘዘው ገደብ ከዚህ በላይ መውጣት አይችልም፣ ስለዚህ አገልግሎቱ ቢሳሳት እንኳ ሽቦው ይድናል።

በ28 አምፒር 32 አምፒር ብሬከርና 6 ሚሊ ካሬ መዳብ ይበቃል። ርቀቱን ግን ለካ። 6 ሚሊ ካሬ በአንድ አምፒር በአንድ ሜትር 7.3 ሚሊቮልት ያህል ይጥላል፤ 30 ሜትር ላይ 6 ቮልት ይሆናል፣ 3 ከመቶ ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ከዚያ ከራቀ 10 ሚሊ ካሬ ሳብ፣ ጥሉ ወደ 4.4 ይወርዳል። ማታ የመስመሩ ቮልቴጅ ራሱ የሚወርድ ከሆነ ሽቦው ላይ ተጨማሪ ማጣት ቻርጀሩን «ዝቅተኛ ቮልቴጅ» አስብሎ ያቆመዋል፤ በኦንላይን ገጹ ላይ ስህተቱን ያየ ሰው ደግሞ የመረብ ችግር ይመስለዋል።

አርሲዲው (ኤሌክትሪክ ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጠው) 30 ሚሊ አምፒር፣ ዓይነቱ ቢያንስ «ኤ» ይሁን፤ ያ የሚሆነውም ቻርጀሩ ውስጥ የ6 ሚሊ አምፒር ዲሲ (ቀጥተኛ ከረንት) መቆጣጠሪያ ካለ ብቻ ነው። ከሌለ ዓይነት «ቢ» ግዴታ ነው። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ዓይነት «ኤሲ» ለመኪና አይሆንም፤ ከመኪናው የሚመለስ ዲሲ ውስጡን ያደነዝዘውና በሚያስፈልግበት ቀን አይወርድም።

ኧርዝ ላይ በጣም እለምናችኋለሁ። የብዙ ቤት ሶኬት ሦስተኛ ሽቦው የትም አልተያያዘም። ቻርጀሩ ይህን ያውቅና «ኧርዝ የለም» ብሎ እምቢ ይላል። ያኔ ሳጥኑ ውስጥ ኑትራሉን ከኧርዙ ጋር በቁራጭ ሽቦ አገናኝቶ የሚያሳልፍ አለ። ቻርጀሩ ይታለላል፣ መኪናውም ይሞላል። ከውጭ የመጣው ኑትራል አንድ ቀን ከተበጠሰ ግን የመኪናው አካል በሙሉ በኤሌክትሪክ ይያዛል፤ በር ሊከፍት እጁን የዘረጋ ሰው መሬት ላይ ነው የቆመው። የኧርዝ ዘንግ ትከሉ። አንዱ ካልበቃ ሁለተኛውን ቢያንስ በዘንጉ ርዝመት አርቃችሁ ትከሉና በመዳብ አያይዙ። ከ100 ኦም በታች አውርዱ፣ ከቻላችሁ ከዚያም ዝቅ። መሬታችን ድንጋያማ ነው፤ በሐምሌ ጭቃ የተለካ ኧርዝ በሚያዝያ ሌላ ነው፣ በደረቁ ወራት ለኩት። የክረምቱ መብረቅ ስላለም ሳጥኑ ላይ ዓይነት 2 ሰርጅ መከላከያ ጨምሩ። ሰርጁም ያለ ኧርዝ ጌጥ ነው።

የመጨረሻው ጫፉ ነው። የቻርጀሩን ክዳን ከፍታችሁ የፌዙን ብሎን እዩ። ፕላስቲኩ በደንብ ሳይላጥ ከብሎኑ ሥር ከገባ መዳቡን በግማሽ ነው የሚይዘው። ከሳምንት በኋላ የሽቦው ልብስ ከብሎኑ አጠገብ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ ጠርዙ ይጠነክራል፣ ሲነካ ይሰባበራል። ያኔ ማጥበቅ ብቻ አይበቃም፤ ቆርጣችሁ በአዲስ ላጡት። ባለብዙ ክር ሽቦ ከሆነ በጫፉ ፌሩል (የብረት ቆብ) አድርጉ። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ዋናውን አጥፍታችሁ እንደገና አጥብቁ።

አዘዞ_ኢቪ

ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ከሚሆን ከመኪናው ጋር የመጣውን ተንጠልጣይ ቻርጀር በስማርት ሶኬት ሰክቶ ከስልክ ማብራትና ማጥፋት አይቀልም? ፍጆታውንም ይመዘግባል።

ፌዝና_ኑትራል

አይሆንም ልጄ። «16 አምፒር» ተብሎ የሚሸጠው ስማርት ሶኬት ለአጭር ጊዜ ጭነት እንጂ ለ8 ሰዓት አልተሠራም፤ ውስጡ ያለው ሪሌ ይጣበቅና ከስልክ «ጠፋ» እያለ መሙላቱን ይቀጥላል። በጭነት ላይ ሳለ ከሶኬት መቁረጥም የመኪናውን ቻርጀር ሊጎዳ ይችላል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ግን መጀመሪያ መኪናውን «ቀንስ፣ አቁም» ብሎ ነግሮ ነው ሪሌውን የሚከፍተው።

ጣና_ዳር

ስለ ምጣዱ እኔ ልመልስ። ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ኔት ሲጠፋ ይሠራል፣ አንዱ አይሠራም። ኔት የሚጠፋበት አገር ላይ ስለሆንን የመጀመሪያውን ያዙ።

የሚሠራው፦ ከዋናው ብሬከር በኋላ በፌዙ ሽቦ ላይ የሚታሰር የከረንት ክላምፕ (የሚያልፈውን አምፒር የሚለካ) ነው። የክላምፑ ሽቦ በቀጥታ ወደ ቻርጀሩ ይሄዳል። የቤቱ ጠቅላላ 40 አምፒር ሲቃረብ ቻርጀሩ በሰከንዶች ውስጥ ይቀንሳል፤ ምጣዱ ሲጠፋ ይመለሳል። ገደቡን 40 ላይ ሳይሆን 36 ላይ አድርጉት። ሦስት ስህተት ይደጋገማል። ክላምፑ ፌዙንም ኑትራሉንም አብሮ ካቀፈ ሁልጊዜ 0 ያነባል፣ አንዱ የሌላውን ስለሚያጠፋ። ቀስቱ ወደ ቤት ማመልከት ሲኖርበት ከተገለበጠ ንባቡ በኔጌቲቭ ይመጣል፤ አንዳንዱ ቻርጀር ያንን «ሶላር አለ» ብሎ ይተረጉመውና ጭራሽ ይጨምራል። ሦስተኛው፣ ክላምፑ የቻርጀሩን መስመርም ያቀፈ መሆን አለመሆኑን ቅንብሩ ላይ በትክክል ምረጡ፤ ከተሳሳተ ቻርጀሩ የራሱን ጭነት የምጣድ መስሎት ሲወርድ ሲወጣ ያድራል።

ክላምፕ የማይቀበል ቻርጀር ከሆነ ቻርጂንግ ፕሮፋይል (በሰዓት የተወሰነ የአምፒር ገደብ) ላኩበት። ለምሳሌ የጋገራ ቀን ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 እስከ 5 ሰዓት ከሆነ፣ በሳምንት የሚደጋገም፣ ከ05:00 እስከ 08:00 ዩቲሲ 16 አምፒር፣ ከዚያ ውጭ 28። ዓይነቱን ቲኤክስ ዲፎልት (ለእያንዳንዱ ሙሊት የሚሠራው) አድርጉት፤ አንዴ ከተላከ ቻርጀሩ ውስጥ ይቀመጣል፣ ኔት ባይኖርም ይሠራል። «ምጣድ ሲበራ አገልግሎቱ አይቶ ያዘዋል» የሚለው ዘዴ ግን መስመሩ ሲቋረጥ ቻርጀሩን ባለበት 28 ላይ ትቶት ይቀራል።

መለኪያውን አምፒር ወይስ ዋት እንደሆነ ሁለቴ እዩ። 16 ዋት ብላችሁ ከላካችሁ ቻርጀሩ ይቆማል። ከ6 አምፒር በታች የሚባል ነገርም የለም። ቻርጀሩ ለመኪናው ገደቡን የሚነግረው በፓይለት ሽቦው ላይ በሚልከው 1 ኪሎኸርትዝ ሞገድ ነው፤ የሞገዱ ስፋት በመቶኛ በ0.6 ሲባዛ አምፒሩን ይሰጣል። 10 ከመቶ 6 አምፒር ነው፣ መነሻው እሱ ነው። 4 አምፒር ብታዙት መሙላቱ ይቋረጣል።

ሽቦና_መረብ

እህቴ ጣና ዳር ያለችው ትክክል ነው። በዚያው ላይ ኔት ሲጠፋ መኪናው እንዲሞላ የሚያደርጉትን ቅንብሮች ልጨምር። «ሎካል ኦቶራይዝ ኦፍላይን» (ኔት ሳይኖር ቻርጀሩ ራሱ እንዲፈቅድ የሚያደርገው) ይብራ። የቤት ቻርጀር ስለሆነ ተሰክቶ ወዲያው የሚጀምረውን አማራጭ ምረጥ፤ ካልሆነ አገልግሎቱ «እሺ» እስኪል ይጠብቅና ሌሊቱን ሳይሞላ ያድራል። በኦፍላይን የተሞላው ኪሎዋት ሰዓት አይጠፋም፤ ቻርጀሩ መጀመሪያውንና መጨረሻውን ይዞ ይቆይና ሲገናኝ ይልከዋል።

«ሃርትቢት» (ቻርጀሩ «አለሁ» የሚልበት መልእክት) 300 ሰከንድ፣ የዌብሶኬት ፒንግ 45 ሰከንድ፣ የቆጣሪ ንባብ 60 ሰከንድ። ፒንጉ ዋና ነገር ነው፦ በሲም መረብ ላይ ዝም ያለ መስመር ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሳይነገርህ ይጣላል፣ ቻርጀሩ የተገናኘ መስሎት ይቀመጣል፣ ገጹ ላይ ግን «ኦፍላይን» ነው። ዳታው አያሳስብህ፤ በዚህ ቅንብር በቀን ከ2 ሜጋባይት አያልፍም። ንባቡን 5 ሰከንድ ካደረግከው ግን የንባቡ ዳታ በ12 ይባዛል፣ ለምንም አይጠቅምም።

መብራት ሲመለስ ቻርጀሩ ከሞደሙ ቀድሞ ይነሣል። ሞደሙ እስኪነሣ አንድ ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፤ ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ተስፋ የሚቆርጥ ቻርጀር እስከ ጠዋት አይገናኝም። ለሞደሙ ባለ12 ቮልት ትንሽ ዩፒኤስ ማድረግ ይህን ሁሉ ያስቀራል። የዋይፋይ ምልክቱም የቻርጀሩ ቦታ ላይ ከ67 በታች (በኔጌቲቭ ዲቢኤም) ካልሆነ፣ ማለትም 75 እና 80 ካለ፣ የኔትወርክ ገመድ ሳብለት። የብሎኬት ግድግዳና የብረት በር ዋይፋይ ይበላል። በሞደሙ ላይ 2.4 ጊጋኸርትዙ ብቻውን ስም ይኑረው፤ አብዛኛው ቻርጀር 5 ጊጋን አያውቅም።

ጣና_ዳር

የሁለቱ አባወራ ሂሳብ ላይ አንድ ነገር። ከመኪናው ስክሪን ላይ ያለውን መቶኛ አትመኑ። ባትሪው ውስጥ የገባውና ከቆጣሪው የወጣው አንድ አይደለም፤ በመካከል ወደ 10 ከመቶ የሚጠጋ በሙቀት ይሄዳል፣ ያም ተከፍሎበታል። የቻርጀሩን ንባብ ውሰዱ፦ መጨረሻ 166,750 ዋት ሰዓት፣ መነሻ 148,250፣ ልዩነቱ 18.5 ኪሎዋት ሰዓት። የቤት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታ ሲጨምር የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ የሚጨምር ነው፤ መኪናው ግቢውን ወደ ላይኛው እርከን ካወጣው ጭማሪውን ባለመኪናው ቢችለው ነው የሚያምርበት። ስለዚህ በአማካይ ዋጋ አታካፍሉ። ሌሊት ርካሽ የሚሆንበት የቤት ታሪፍም የለም፤ ሌሊት የምንሞላው መስመሩ ስለሚቀልና ቮልቴጁ ስለሚሻል ነው።

ማራኪ_07

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ኤንቲፒው ገባ፣ ቡት ኖቲፊኬሽኑ «ተቀባይነት አግኝቷል» አለ፣ ገጹም አረንጓዴ ሆነ። ዲፕ ስዊቹ 28 ላይ ነው፤ ኧርዙ እስኪለካ አይሞላም። ለሙከራ ያህል መኪናው ሲሰካ ግን «ሰስፔንድድ ኢቪ» ይላል፣ አምፒሩ 0። ይህ የአገልግሎቱ ነው የቻርጀሩ?

ሽቦና_መረብ

የሁለቱም አይደለም። «ሰስፔንድድ ኢቪኤስኢ» ቢል ቻርጀሩ ወይም አገልግሎቱ ነው የያዘው፤ «ኢቪ» ካለ መኪናው ነው አልፈልግም ያለው። መኪናው ስክሪን ላይ የቀጠሮ ሙሊት የሚለውን አጥፋው፤ ቀጠሮ የሚይዘው አንዱ ብቻ ይሁን፣ ወይ መኪናው ወይ ቻርጀሩ። የመኪናውንም ሰዓት እይ። በቀጥታ ከቻይና የገባ ከሆነ በቤጂንግ ሰዓት ላይ ሊሆን ይችላል፣ ከእኛ 5 ሰዓት ይቀድማል፤ 23:00 ላይ ጀምር የተባለ መኪና እዚህ የሚነሣው ማታ 12 ሰዓት ነው፣ ልክ ሰፈሩ ሁሉ ምድጃ ሲያበራ።